የተማሪዎቻችንን የግል የትምህርት ዕቅድ ስለመከለስ

የተከበራችሁ የልዩ ፍላጎት መምህራን ቡድን አባላት፣

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለእያንዳንዱ ልዩ ፍላጎት ላለው ተማሪ ለየብቻ ያዘጋጀናቸውን የግል የትምህርት ዕቅዶች አንድ በአንድ ያነበብኩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የተማሪውን ጉዳት በሰፊው ሲገልጹ ተማሪው ዛሬ ማድረግ የሚችለውን ግን በአንድ መስመር ማለፋቸው አሳስቦኛል። ዕቅዱ መነሳት ያለበት ከዚያ መስመር ነው። «በሒሳብ ይሻሻላል» የሚል ግብ መምህሩንም ወላጁንም አይመራም። በክፍሌ የምትማር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ቆርኪ እየደረደረች እስከ 10 መቁጠር ትችል ስለነበር፣ ግቡን «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድምራቸው ከ10 የማይበልጥ ሁለት ቁጥሮችን በቆርኪ ትደምራለች» ብለን ከእናቷ ጋር ጻፍነው፤ እናቷም ቡና ባፈሉ ቁጥር ስኒዎቹን እያስቆጠሩ ያለማምዷታል።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በአብዛኛው የሚያስፈልገው የይዘት ቅነሳ ሳይሆን የአቀራረብ ለውጥ ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተሳለው ቅርጽ በሚዳሰስ ነገር ይተካ፣ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው ብሬል ነጥብ በነጥብ ተወግቶ የሚጻፍ በመሆኑም የፈተና ሰዓት ይጨመርላቸው። ይህን እንደ ውለታ ባናየው እመርጣለሁ፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የተናጠል ድጋፍን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታልና።

ስለሆነም እያንዳንዳችሁ ዕቅዶቹን ከወላጆችና፣ ከተቻለም ከተማሪዎቹ ጋር ከልሳችሁ፣ ከአንድ የተማሪ ሥራ ናሙና ጋር በየካቲት ወር ስብሰባችን እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።