«ቦሮው» እና የሾፌሩ 5000 ብር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ዱከም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ቻይናውያን ቴክኒሻኖችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት 22 ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትም ይህንኑ ትምህርት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የተነሳ ሁለት ደጋግ ሰዎች ሲኮራረፉ ስላየሁ ነው። ቃሏ «ቦሮው» ናት።

ተማሪዎቼን ወደ ክፍል የሚያመላልሳቸው ሾፌር እናቱ ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ ይህን ሰማና በስልኩ መልእክት ላከለት። «አይ ቦሮው ዩ 5000 ብር። ቱሞሮው።» ሾፌሩ አንብቦ ደሙ ፈላ። «እናቴ አልጋ ይዛ እሱ ከእኔ ብር ይበደራል? ያውም ለነገ?» አለኝ፣ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅኖ። ምን ይፈረድበታል፤ ያነበበው እንደዚያ ነው። ሁለት ሳምንት ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ በአንድ መኪና ተመላለሱ። በመጨረሻ ልጁ ከክፍል በኋላ ብቻውን ቀረና «ላኦሺ፣ ልረዳው ብዬ ለምን ተቀየመኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ላኦሺ ማለት በቻይንኛ መምህር ማለት ነው።

ልጁ ሊያበድረው ነበር የፈለገው። ቻይንኛ ለመበደርም ለማበደርም የሚጠቀመው አንድ ግሥ ነው፤ «ጂዬ» ይሉታል። ወዴት እንደሚሄድ የሚናገሩት አጠገቡ ያሉት ቃላት ናቸው። «ጂዬ ጌይ» ሲሉ መስጠት ተጨመረበት፣ አበደረ ሆነ። ሰውየውን «ገን» ከሚል ቃል ጋር ከፊት ሲያስቀድሙት ደግሞ ከእገሌ ተበደረ ይሆናል። ሁለቱንም ትተው «ዎ ጂዬ ኒ ቺየን» ቢሉ ግን ራሱ ቻይናዊውም ሁኔታውን አይቶ ነው የሚፈታው። «ብር ላበድርህ» ሊሆን ይችላል፤ «ብርህን ልበደር»ም ሊሆን ይችላል። ተማሪዬ ይህንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው። ደብተሩን አየሁት። «ጂዬ» ብሎ ጽፎ ፊት ለፊቱ «ቦሮው» ብሏል። ሌላ ምንም የለም።

በእንግሊዝኛ «ቦሮው» ወደ ራስ ማምጣት ነው፤ «ፍሮም» ይከተለዋል። «ሌንድ» ከራስ ማውጣት ነው፤ «ቱ» ይዞ ይመጣል። ድሮ ይህን ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ ነበር የማስተምረው። ለእኛ ልጆች ቀስቱ ይበቃል። ተበደረ፣ አበደረ እየተባለ ሲሰማ ያደገ ልጅ ልዩነቱን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። እነዚህ ግን ቀስቱን ገልብጠው ሲያበቁ በሳምንቱ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ የቃሉን ታሪክ ይዤላቸው ገባሁ።

«ቦሮው» የመጣው «ቦርግ» ከሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ትርጉሙ መያዣ፣ ዋስትና ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ቦርገን» ሲሉ መበደርም ማበደርም ሊሆን ይችላል፣ ልክ እንደ ቻይንኛው። ይህን ስነግራቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያው ፊቱ ፈካ። ሞኝ እንዳልሆነ ገባው። «ሌንድ» ደግሞ ጥንት መጨረሻዋ ላይ «ድ» አልነበረባትም፤ ከኃላፊ ጊዜዋ ነው ተጣብቃባት የቀረችው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ዓርብ ማታ ለትምህርቱ ስዘጋጅ ያየሁት ነው። «ቦርግ፣ ዋስ» ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከሥሩ «ቦሮው፣ ተዋሰ» ብዬ ቀጠልኩ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዋስ፣ ተዋሰ! ከጎረቤት ወንፊት ስንዋስ እኮ ዋሱ ቃሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እንግሊዞቹም እኛም ሳንተዋወቅ በአንድ መንገድ አስበናል። እንዲያውም የእኛው ይበልጥ ይለያል። ብርና እህል እንበደራለን፤ የወሰድነው ያልቅና አምሳያውን እንመልሳለን። ወንፊትና ምጣድ እንዋሳለን፤ ራሱ ተመልሶ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ብቻ ነው ያለው።

ቅዳሜ ክፍሉ ደመቀ። አንዱ «ታዲያ ሬንት ለምን ሁለቱንም ይሆናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ተከራየ፣ አከራየ እንላለን፤ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ እንደ ቻይንኛ አንድ ቃል ይዞ ቁጭ ይላል። በዕድሜ ትልቁ ተማሪዬ ደግሞ በአገሩ ሰው መሃል ሲያልፍ «ጂዬ ጓንግ» እንደሚል ነገረኝ። ቃል በቃል ብርሃን መዋስ ማለት ነው፤ እኛ «አሳልፉኝ» የምንለው መሆኑ ነው። እንዴት ያለ ውብ አነጋገር ነው! ግን «ቦሮው ላይት» ብሎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሃል ቢገባ ማንም መንገድ አይለቅለትም። «ኤክስኪውዝ ሚ» በል አልኩት።

ውድ አዘጋጅ፣ ዛሬ ከቻይናውያን ጋር የሚሠራ ብዙ ወገን አለን። አስተርጓሚው፣ ሾፌሩ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው የሚግባባው ሁለቱም ወገን ተውሶ ባመጣው እንግሊዝኛ ነው። የሚያጠኑበት ወረቀት ደግሞ ቃል በቃል ፊት ለፊት የተደረደረበት ዝርዝር ነው። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚያመለክት፣ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ጋዜጣችሁ በሳምንት አንዲት ቃል እንኳ በሦስቱ ቋንቋዎች ዘርዝሮ ቢያወጣ እኔ በነፃ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። የመጀመሪያዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ።

ሁለቱ ሰዎች ታርቀዋል። መልእክቱን እኔው ፊት «አይ ሌንድ» ብሎ አስተካክሎ ላከለት። ሾፌሩ ብሩን ሲቀበል ሁለት እጁን ዘርግቶ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» አለው። ልጁ ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሌንድ» ነው ወይስ «ቦሮው»? እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ ብዬዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህርት
ከዱከም