ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን እንመልስ፦ ለልጆቻችን ማረፊያ የድጋፍ ጥሪ

የባሕር ዳር ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ነፋሱ የጣና ዳር ማረፊያችንን ቆርቆሮ ከገነጠለው ወራት አለፉ። ሁለቱ ክፍሎች ዛሬም ሸራ ለብሰዋል። ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ይዘው ከዘጌም ከጎርጎራም የሚመጡ እናቶች፣ በቀረችው አንዲት ክፍል ተጨናንቀው ያድራሉ። ከዚያ ሌሊት ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራሉ።

«ለጣሪያ የሰጠነው ብር የት ገባ?» ትሉናላችሁ። መብታችሁ ነው። ብሩ ለአንድ ልጅ ምርመራ ወጥቷል።

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። የእግር አጥንት ካንሰር ይዞት ኬሞ ላይ ነው። የአጥንት ስካን ሲነሳ ጎኑ ላይ ማንም ያልጠበቀው ጥቁር ነጥብ ታየ። እናቱ «ተሰራጨ በቃ!» ብላ እዚያው ተዘረረች። ሐኪሙ ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳት። ለስካኑ በደም ሥር የሚሰጠው ቴክኒሽየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ አጥንት ራሱን በሚጠግንበት ቦታ ሁሉ ይሰበሰባል። ስብራትም፣ ኢንፌክሽንም እንደ ካንሰር ሊያጠቁረው ይችላል። በልጆች ላይ ደግሞ ጤነኛው የአጥንት ማደጊያ ጫፍ እንኳ በምስሉ ጎልቶ ይታያል። ንጥረ ነገሩ በኩላሊት ስለሚወገድ፣ አንዳንዴ ያልታሰበ የኩላሊት ችግርም በዚሁ ምስል ይገኛል። ስለዚህ ኤክስሬይ፣ ካስፈለገም ኤምአርአይ ሳይታይ አይፈረድም።

ለዚያ ሁለተኛ ምርመራ ቤተሰቡ አንድ ብር አልነበረውም። ኮሚቴው በዚያው ማታ ተሰብስቦ ወሰነ። ውጤቱ ሲመጣ የጎድን አጥንት ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ፤ እየዳነ ነበር። ለካ ልጁ ከጀልባ ሲወርድ ወድቆ፣ እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ደብቋት ኖሯል። ሕክምናው ሳይቀየር ቀጠለ። ነገም ያው ቢመጣ ያንኑ እንወስናለን።

ይህን ቤት ከባዶ መሬት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ድንጋዩን በትከሻችሁ ተሸክማችኋል። የመጀመሪያዎቹን ፍራሾች ከየቤታችሁ አውጥታችሁ ሰጥታችኋል። ከመስቀል ወዲህ የገባው ግን ለአናጺው እንኳ አልበቃም። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። አሥራታችሁም ሆነ ሰደቃችሁ እዚህ ቢውል እግዚአብሔር ያየዋል።

አደራ፣ ብር የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድራችን ደረሰኝ ላይ አለ። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በ3 ሰው ፊርማ ነው። በማንም የግል ስልክ እንዳትልኩ። ስታስገቡ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዧ አሳዩ፤ ስማችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ቆርቆሮ፣ ምስማር ወይም እንጨት የምትሰጡ ማረፊያው ድረስ አምጡልን። ጠዋት ጠዋት ተረካቢ አለ። በድጋሚ፣ ብር በኮሚቴው ሂሳብ ብቻ።