ልጄ ሰነፍ አለመሆኑን ላያችሁልኝ ሁሉ

ምስጋናዬን ከቲቸሯ ነው የምጀምረው። የሦስተኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምረው እህታችን ባትኖር ልጄ ዛሬም "ሰነፍ" እየተባለ ኋላ ወንበር ላይ ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። የኔታ ዘንድ ከእኩዮቹ ቀድሞ ነው ፊደል የቆጠረው። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሌላ ልጅ ሆነብን። "ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 12 ግለጥ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሥራ" ሲባል ደብተሩን አውጥቶ ቁጭ ይላል። ቲቸር በመስከረም ዝናብ፣ ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ የቃል ጽሕፈት ሰጥታ ስታርም "ከበረ" ያለችው "ቀበረ"፣ "ተራ" ያለችው "ጠራ" ተብሎ አገኘችው። ኤክስ አድርጋ አላለፈችውም። ዝናቡ ሲያባራ ለብቻው አስቀምጣ እነዚያኑ ቃላት ደገመችለት፤ አንድም አልሳተ። ከዚያ ነው አስጠርታ ያሳየችኝ። እድሜ ይስጥልኝ እታለም!

የኔታ፣ እርስዎ ዘንድ ለምን እንደቀናው የገባኝ ያኔ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ በስንደዶ ፊደሉን እየነኩ፣ አንድ በአንድ ነው የሚያስቆጥሩት። ጆሮው የሳተውን ዓይኑ ይይዝለታል። ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ልጅ እየተንጫጫ ይህ ከየት ይመጣል?

የባሕር ዳሩ የአንገት በላይ ሐኪም፣ አንተንም አልረሳህም። የጆሮ ምርመራው ደህና ነው፣ 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ እንኳ ይሰማል ካልክ በኋላ "ውሰጂው" ብለህ ልትሸኘኝ ትችል ነበር። "ጆሮው ይሰማል፣ አንጎሉ የሰማውን እንዴት እንደሚለየው ግን ይታይ" ብለህ አዲስ አበባ ጻፍክልን። መንገድ ተዘግቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንቀር የማታውቁንን ያሳደራችሁን ባልና ሚስት፣ እኔ ልጄን ይዤ ስንከራተት ጤፌን ያጨዳችሁልኝ የቡሬ ጎረቤቶቼ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

አዲስ አበባ ያለችው ኦዲዮሎጂስት፣ የመስማት ችግር መርማሪዋ፣ በጫጫታ መሃል ቃል እያሰማች አስደገመችው፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ጆሮው የተለያየ ቃል በአንድ ጊዜ ሰጠችው። እዚያ ላይ ጠፋበት። ድምፅን ለይቶ የመረዳት ችግር ነው አለችኝ፤ ድንቁርናም ደንቆሮነትም አይደለም። ከትኩረት ማነስ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ልጅ በስህተት "ቀልቡ የማይሰበሰብ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ አይመረመርም፣ መልሱ ስለሚዋዥቅ። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ድምፅ ማጉላት ብቻውንም አይፈታውም፣ ጫጫታውም አብሮ ይጎላላ! የሚረዳው ፊት ወንበር፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ማለት፣ ፊቱን እያዩ አጭር አጭር አድርጎ መናገር፣ ትእዛዙን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ይህን ሁሉ አንዲት የገጠር እናት እስኪገባት ድረስ ሳትሰለች ደጋግማ አስረዳችኝ። ክፉ አይንካሽ።

ርእሰ መምህሩ፣ ወንበሩን በዚያው ቀን ስላስቀየሩልን አመሰግናለሁ። ዛሬም ዝናብ ሲጥል ይቸገራል። ነገር ግን "አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ" ማለት ለምዷል፣ ቲቸርም ትደግምለታለች።

አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ፣ ያመለጠውን ደብተሯ ላይ በጣቷ የምታሳየው፣ እናቷ ይህን ካነበብሽ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ወልደሽ ተባረኪ።