ኮረብታውን በህንጻ ስታጥሩት ነፋሱ በየት በኩል ይለፍ?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ናችሁ? ስለ ከተማ ሙቀት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው ይሄን ምጽፍላችሁ። ጽሁፉ ዛፍ ትከሉ፣ ጣራችሁን ነጭ ቀቡ፣ ካልሆነም ኤሲ ግጠሙ ብሎ ያበቃል። እሺ። ስለ ህንጻ አቀማመጥ ግን አንድ መስመር የለውም፣ ኮረብታ አጠገብ ስላሉ ከተሞች ደሞ ጭራሽ አላነሳም። እኔ ምለው፣ ሜዳ ላይ ለተዘረጋ ከተማና ኮረብታ ስር ለተቀመጠ ከተማ አንድ አይነት ምክር ይሰጣል እንዴ? ሜዳ ላይ ነፋሱ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ኮረብታ ግን የራሱን ነፋስ ይሰራል፣ ያውም ቀን ወደ ላይ ማታ ወደ ታች እያቀያየረ። እኛ ደሞ ከፊቱ ህንጻ እየገተርን "ዘንድሮ ሙቀቱ ምነው ባሰ" እንባባላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ላይ ጸሀይ የኮረብታውን ፊት ታግለዋለች፣ እሱን የነካው አየር ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀላል፣ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ጸሀይ ስትጠልቅ ሁሉም ይገለበጣል፣ በተለይ ሰማዩ ጥርት ካለ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አጠገቡ ያለው አየርም አብሮት ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ከዛ ልክ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ እየፈለገ ይወርዳል። ኃይለኛ ነፋስ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜትር ቢሄድ ነው፣ ውፍረቱም ከመሬት ከጥቂት ሜትሮች እስከ ጥቂት አስር ሜትሮች ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ጸሀይ ሲጠጣ በዋለ አስፋልትና ኮንክሪት መሀል ለሚያድር ሰው እንቅልፍ የምታመጣለት ይቺ ቀስ ብላ የምትወርደው አየር ናት።

ይሄን ለማየት መሳሪያ ምናምን አያስፈልግም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት፣ ጸሀይ ከገባች በኋላ፣ ሌላ ነፋስ በሌለበት፣ ከኮረብታ ቁልቁል በሚወርድ መንገድ ላይ ቁሙና ልጆች የሚጫወቱበትን የሳሙና አረፋ ንፉ። መጀመሪያ ባሉበት ይንሳፈፋሉ፣ ትንሽ ቆይተው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ጉልበት አካባቢ ዝቅ ብለው ጉዞ ይጀምራሉ፣ ማንም ሳይገፋቸው። ከዛ አንድ መቶ ሜትር የሚያህል ርዝመቱን በተዳፋቱ ላይ አግድም ዘርግቶ የቆመ የህንጻ ብሎክ ፈልጉና በታችኛው በኩል እንደገና ንፉ። እዛ አረፋው እግራችሁ ስር ዞር ዞር ብሎ ይፈነዳል። አየሩ የት ሄደ? ከብሎኩ ጀርባ ተኝቷል።

አልሚዎች ለምን እንደዛ እንደሚሰሩ ይገባኛል። ህንጻውን ከኮንቱሩ (ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኘው መስመር) ጋር ትይዩ አድርገህ ስታስረዝመው ቁፋሮው ይቀንሳል፣ የድጋፍ ግንቡ ይቀንሳል፣ ሁሉም ቤት ቪው ያገኛል፣ ቪው ደሞ ይሸጣል። አልፈርድባቸውም። ችግሩ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ በሁለት ብሎኮች መሀል ትንሽ ክፍተት ይተዉና ሁለተኛውን ረድፍ ሲሰሩ ለዛው ለቪው ሲባል ህንጻውን ልክ ክፍተቱ ፊት ለፊት ይገትሩታል፣ ሶስተኛውም እንደዛው፣ በቃ ከላይ እስከ ታች አንድም ቀጥ ያለ ማለፊያ አይቀርም። ማታ የሚወርደው አየር መሬቱን የተጠጋ ስስ ንብርብር ነው ብለናል፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ፎቅ ዘሎ አይሄድም። ስለዚ ከላይ በኩል ይጠራቀማል፣ እዛ ያሉት ሰዎች ብርዱና እርጥበቱ በዛብን፣ ጭሱ አልወጣ አለን ይላሉ፣ ከታች ያሉት ደሞ እስከ እኩለ ሌሊት በላብ ይገላበጣሉ። በአንድ ህንጻ ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ስሞታ ማለት ነው፣ ማንም ደሞ ሁለቱን አያገናኛቸውም።

መፍትሄው ግን አትገንቡ አይደለም፣ ይሄ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። ያንኑ ያህል ቤት ይዞ ጠባቡን ጎን ወደ ኮረብታው ማዞር ይቻላል፣ ክፍተቶቹን ከረድፍ ረድፍ በአንድ መስመር ማድረግ ይቻላል፣ የታችኛውን ፎቅ በኮለን (በምሰሶ) አንስቶ ክፍት መተው ይቻላል። ከሁሉም በላይ ፈፋዎቹን አትንኩ። የጎርፍ መውረጃና የቀዝቃዛ አየር መውረጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ናቸው፣ ሁለቱም ቁልቁለት ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚ ፈፋ ደፍኖ የሚገነባ ሰው በአንድ ስራ ሁለት ጥፋት ነው የሚሰራው። ጎርፍ መውረጃ ላይ አትገንቡ የሚለውን ክልከላ በደንብ የሚያስከብር ከተማ ሳያስበው የነፋስ መንገድም አስከበረ ማለት ነው።

ይሄ ደሞ ቅንጦት አይደለም፣ ሌሎች ድሮ ጀምረውታል። ጀርመን ውስጥ ስቱትጋርት በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ናት፣ ነፋሷ ደካማ ነው፣ እና እነሱ ከ1938 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤታቸው ውስጥ የከተማውን አየር ጠባይ የሚከታተል ባለሙያ አስቀምጠው ነበር። የትኛው ተዳፋት ቀዝቃዛ አየር ያመርታል፣ በየትኛው ሸለቆ ይወርዳል፣ የቱ ጋ ይዘጋል የሚለውን በካርታ አስፍረውታል፣ በ2008 ደሞ ለአካባቢው በሙሉ አትላስ አውጥተዋል። ፕላን ሲሰራ ካርታው ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ግንባታም ገደብ አለበት። ሆንግ ኮንግ ሌላ ታሪክ ነው፣ ከኋላ ተራራ ከፊት ባህር፣ መሀል ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ግድግዳ የሆኑ ፎቆች። በ2003 ሳርስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ወረርሽኝ መጥቶ ሰው የአየር መተላለፊያን ጉዳይ ሲያነሳ መንግስት ጥናት አስጀመረ፣ ከ2006 ጀምሮ ትልልቅ የመንግስት ፕሮጀክቶች ነፋሱን ምን ያህል እንደሚያሳልፉ እንዲገመገሙ መመሪያ ወጣ። መሬት እንደዛ የተወደደበት ከተማ ለነፋስ ቦታ ከተወ ሌላው ምን ይላል?

አሁን ደሞ ወደ ኮረብታው ጫፍ እንውጣ፣ እዛ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ነፋስ ኮረብታ ሲሻገር ጫፉ ላይ ይፈጥናል፣ በጣም። በ1982 እና በ1983 ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ አስከርቬን የተባለች ኮረብታ ላይ የነፋስ መለኪያ ደርድረው ነበር፣ ኮረብታዋ 116 ሜትር ናት፣ ያን ያህል የምትፈራ አይደለችም፣ ግን ጫፏ ላይ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተለካው ነፋስ ሜዳው ላይ በዛው ከፍታ ከተለካው በ80 ፐርሰንት ገደማ ይፈጥን ነበር። ነፋስ ደሞ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፣ ስለዚ ፍጥነቱ በ80 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ግፊቱ ከሶስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እዛ ላይ ታወር ስትተክልበት ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ረጅም ህንጻ ከላይ ያለውን ፈጣን ነፋስ ይይዝና በፊቱ ቁልቁል ወደ መንገዱ ያወርደዋል፣ ማእዘኑ ላይ ደሞ ያጣድፈዋል፣ በር ላይ ቆማ ታክሲ የምትጠብቅ ሴትዮ ነጠላዋን ሳይሆን ራሷን ነው መያዝ ያለባት። እንግሊዝ ሊድስ ውስጥ 112 ሜትር የሆነ አንድ ህንጻ አጠገብ በ2011 ነፋስ የጭነት መኪና ገልብጦ እግረኛ ገድሏል፣ ከዛ በኋላ ነው ነፋሱን የሚሰብር ነገር መንገዱ ላይ የተገነባው። ሆላንዶች በ2006 ባወጡት ስታንዳርድ በሰከንድ 5 ሜትር ካለፈ የእግረኛ ምቾት መጓደል ይጀምራል ይላሉ፣ 15 ሜትር ካለፈ አደጋ ነው፣ እና ህንጻ ሲፈቀድ በአመት ውስጥ ምን ያህል ሰአት ከዚህ ያልፋል ተብሎ ይሰላል።

ስለዚ "ነፋስ ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ መሄድም አያዋጣም። ግርጌው ላይ ነፋስ አሳልፍ፣ ጫፉ ላይ ነፋስ ስበር፣ ያው አንድ ኮረብታ ላይ ማለት ነው። ከጀርባው በኩል ደሞ ተዳፋቱ ቁልቁል ሲበዛ ነፋሱ መሬቱን ይለቅና መልሶ ይጠቀለላል፣ አቧራና ጭስ እዛ ይዞራል።

ስለ ሙቀት ራሱ አንድ ነገር ልበል፣ ጽሁፋችሁ ላይ ሁሉም ነገር በቴርሞሜትር ነው የተነገረው። ሰው ውጭ ሲቆም የሚሰማው የአየሩ ዲግሪ ብቻ አይደለም፣ ጸሀዩና ከግድግዳ ከአስፋልት የሚመለሰው ጨረር አለ፣ እርጥበት አለ፣ ነፋስ አለ። አንድ መንገድ ላይ ጸሀይ ያለበት ጎንና ጥላ ያለበት ጎን አየራቸው በቴርሞሜትር ሲለካ እምብዛም አይለያይም፣ ግን ቀትር ላይ ቁሙበትና ሰውነታችሁ የሚላችሁን ስሙ፣ የሚሰማው ልዩነት ከአስር ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ብለው ነው ሳይንቲስቶቹ አራቱንም አንድ ላይ የሚደምሩ መለኪያዎች የሰሩት፣ ዩቲሲአይ የሚባለው ለምሳሌ አራቱን ደምሮ ሰው የሚሰማውን በዲግሪ ይናገራል፣ ከ9 እስከ 26 ዲግሪ ያለውን ሰውነት የማይጨናነቅበት ይለዋል፣ ከዛ በላይ የሙቀት ከዛ በታች የብርድ ጫና ሰውነት ላይ ይጀምራል።

ራስ ምታቱ ደሞ እዚህ ጋ ነው፣ ጥላና ነፋስ ይጣላሉ። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ረጅም ህንጻ፣ ጥላ ታገኛለህ፣ ግን የህንጻው ከፍታ የመንገዱን ስፋት ሰባ ፐርሰንት ገደማ ካለፈ ከላይ የሚመጣው ነፋስ ጣራ ለጣራ ይንሸራተትና ወደ ታች አይገባም። ሞቃትና እርጥበታም ቦታ ከሆነ ነፋሱን ምረጥ፣ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ቀን ላይ ጥላውን ምረጥ፣ አየሩ ከሰውነት ቆዳ በላይ ከጋለማ ነፋሱ ራሱ ነው ሙቀት የሚያመጣብህ። ከፍታ ቦታ ላይ ያለ ብርዳማ ከተማ ደሞ ጸሀይ ነው የሚፈልገው። ወደ ምእራብ የሚያይ ተዳፋትም ሌላ ጣጣ አለው፣ አየሩ ሞቆ ሞቆ ከሰአት ሲደርስ ጸሀይዋ ፊት ለፊት ትመጣበታለች፣ ምስራቅ የሚያየው ግን ጠዋት በብርዱ ሰአት ሞቆ ከሰአት ያርፋል። አንድ አይነት ብሎክ ለሁለቱም ኮፒ ፔስት ሲደረግ ሳይ ይገርመኛል።

ዛፉም ቢሆን። ዛፍ እወዳለሁ፣ ግን ቁልቁል በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የጽድ አጥር አግድም ብትተክሉ ያው ሌላ ብሎክ ሰራችሁ ማለት ነው። እዛ ጋ የሚያስፈልገው ሳርና ግንዱ ረዘም ያለ ቅርንጫፉ ከሰው ራስ በላይ የሆነ ዛፍ ነው፣ ከላይ ጥላ ከታች ማለፊያ።

ባለሙያ አጥንቶታል ለምትሉኝ፣ በቅርቡ አንድ የግንባታ የነፋስ ጥናት አይቻለሁ፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ቀይ በሰማያዊ የሆነ የሚያምር የኮምፒውተር ሲሙሌሽን አለው፣ ህንጻዎቹ በረንዳቸው ሳይቀር ተስሏል፣ የቆሙበት መሬት ግን ጠረጴዛ ነው የሚመስለው፣ ድልድል ያለ። ኮረብታው የለም! ገጽ ሳገላብጥ የነፋስ ዳታው ከኤርፖርት የተወሰደ ነው ይላል። ኤርፖርት ደሞ ሆን ተብሎ ገላጣና ለጥ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚሰራው፣ መለኪያው ከመሬት 10 ሜትር ላይ ነው፣ ማታ ከኮረብታው የምትወርደውን ስስ አየር እዛ ማንም አያያትም። ሲሙሌሽኑ ራሱ የሰራው ቀን ላይ ለሚነፍስ ዋና ነፋስ ብቻ ነው፣ ሌሊቱ አልተነካም፣ ሰው የሚተኛው ግን ሌሊት ነው። እንደዛ አይነት ሪፖርት "ተጽእኖ የለውም" ቢል ምን ይገርማል።

እና ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በየጊዜው የአዳዲስ መንደሮች ዜና ስታወጡ የምታሳዩን አርክቴክቱ የሰራውን ፎቶ የመሰለ ስእል ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ልጆቹ ሳሩ ላይ፣ ኮረብታው ከጀርባ ለጌጥ። እሱን አውጡ፣ ግድ የለም። ከጎኑ ግን የኮንቱር ካርታውንም አውጡልን፣ ፈፋዎቹ የቱ ጋ እንዳሉና ብሎኮቹ ረጅሙን ጎናቸውን ወደየት እንዳዞሩ እንይ፣ ጋዜጠኛችሁም ኢንጂነሩን ስለ ፎቁ ብዛት ከጠየቀ በኋላ የነፋስ ጥናቱ ኮረብታውን ጨምሮ ነው ወይስ አውጥቶ፣ ሌሊቱስ ተሰርቷል ብሎ ይጠይቅልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ