ቄብ ወይስ አውራ? የግብርና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ዓመት በክርክር ተጀመረ። ጥቅምት ላይ ሁለት ዶሮዎቻችን ለማቀፍ ሲቀመጡ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «አያቴ ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይፈለፍላል ትላለች» አለች። ከአባላቱ ግማሹ «እኛም ቤት እንዲሁ ይባላል» ሲል ደገፋት፤ ሌላው ግማሽ ተቃወመ። ባስረዳቸው ቀላል ነበር። ግን 24 እንቁላል እጃችን ላይ እያለ ለምን አስረዳለሁ? ጥቅምት 18 ቀን ሹል ሹሉን 12 ለቀይዋ፣ ክብ ክቡን 12 ለገብስማዋ አስታቀፍን።

በ21ኛው ቀን፣ ኅዳር 9፣ 19 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። አንዱን ብርድ፣ አንዱን ጭልፊት ወሰደብን። የቀሩት 17 ናቸው፤ ዘጠኙ ከሹሉ፣ ስምንቱ ከክቡ። በእያንዳንዱ እግር ላይ የተለየ ቀለም ያለው ክር አሰርን። እግሩ ሲወፍር ክሩ እንዳይቆርጠው በየሳምንቱ እየፈታን እናላላው ነበር። ይህን ሥራ የያዙት ሁለት ተማሪዎች አንድም ዓርብ አላጓደሉም፤ ስማቸው በዚህ መጽሔት ባይወጣም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ከዚያ ደብተር ከፈትን። ቀን፣ የታየ ምልክት፣ ግምት፣ አራተኛው ዓምድ ደግሞ «እውነቱ» የሚል። አራተኛውን የምንሞላው አውራው ሲጮህ ወይም ቄቧ ስትጥል ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ለልጆች ባዶ ዓምድ እያዩ ለወራት መታገስ ከባድ ነው። ለእኔም ከባድ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ በስልክ ያየውን ይዞ መጣ፤ የክንፍ ላባቸው ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ ከወጣ ሴት፣ እኩል ከሆነ ወንድ ናቸው የሚል ነው። ሁሉንም አየን፣ መዘገብን። በኋላ ከእውነቱ ጋር ስናስተያየው ከ17ቱ የተገኘው ዘጠኙ ነው፤ ሳንቲም ወርውረን ቢሆን ኖሮም ይህን ያህል እናገኝ ነበር። ዘዴው የሚሠራው ለዚሁ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ እንጂ በየጓሮው በተቀላቀሉ የአገር ዶሮዎች ላይ አይደለም።

ስህተታችንን ሳልደብቅ ልጻፍ። በስድስተኛው ሳምንት ግምት ሰጥተን ነበር። ነጭ ክር የታሰረላት ጫጩት አናቷ ላይ ቀላ ያለ ረዘም ያለ ሥጋ (እኛ «ዘውድ» ብለነዋል) ነበራት። ጥሬ ሲበተን ቀድማ የምትደርሰውም፣ ከሌሎቹ ጋር የምትጣላውም እሷ ናት። ክበቡ በአንድ ድምፅ ሊባል በሚችል መልኩ «አውራ» አለ። የተቃወመችው ያችው የአያቷን ነገር ያመጣች ልጅ ብቻ ነች። ደብተሩ ላይ «ድፍረት የወንድ ምልክት ነው ያለው ማን ነው?» ብላ ጽፋለች። ለጥምቀት ዋዜማ አንዲት ጎረቤታችን ለፋሲካ የሚያደርሱት አውራ ሲፈልጉ ነጭ ክርን ሸጥንላቸው።

መጋቢት ላይ ሴትዮዋ በር ላይ አገኙኝ። «ምነው መምህር፣ ይሄ አውራ ሳይጮህ ፋሲካ ሊደርስብኝ አይደል?» አሉኝ። ሄጄ አየኋት። ቄብ ናት።

ለምን ተሳሳትን? በዚህ ላይ ሦስት ዓርብ ፈጅተናል፤ የዓመቱም ምርጥ ትምህርት ይኼ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ጫጩቶቻችን ዘውዳቸው ዝቅ ያለ፣ በሦስት ትናንሽ ረድፍ የሚበቅል ዓይነት ነው። የነጭ ክር ግን ነጠላ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ ነው። የእሷን ዘውድ ከወንድሞቿ ዘውድ ጋር ስናስተያይ የምናወዳድረው ፆታን ሳይሆን ዓይነትን ነበር። ባለ ነጠላ ዘውድ ከባለ ነጠላ ዘውድ ጋር ብቻ ነው መታየት ያለበት።

አስተማማኙን ምልክት ያሳዩን በቅዳሜ ገበያ ዶሮ የሚሸጡ እናት ናቸው። ተማሪዎቹ «እማማ፣ በምን ይለዩታል?» ሲሏቸው አንዱን ዶሮ አገላብጠው ከጭራው በላይ ያለውን የወገብ ላባ ገለጡ። «ልጆቼ፣ ራሱን ተዉት፣ ወገቡን እዩ። የአውራ ላባ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የቄብ ጫፏ ክብ ነው» አሉ። በ12ኛው ሳምንት የቀሩትን 16 በዚህ መንገድ ለየናቸው፤ አንድም አልሳትንም። የእግር ውፍረትና ክንፍ ላይ ጉች ጉች ብሎ የሚወጣ ቀይ ቀለምም አግዞናል።

በየካቲት አንድ ወላጅ ከሚያረቧቸው የኮኮክ ጫጩቶች ጋር አገናኙን። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ይህ ዝርያ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በቀለሙ ይለያል፤ ወንዱ አናቱ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ሰፋ ይላል፣ ሲያድግም ከሴቷ ይነጣል። ላባውን ዥንጉርጉር የሚያደርገው ባሕርይ የተቀመጠው ዜድ በሚባለው የፆታ ክሮሞሶም (ፆታን የሚወስን የውርስ ተሸካሚ) ላይ ነው። ወንዱ ሁለት ዜድ አለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው። 8ኛ ክፍሎችን በጣም ያስገረማቸው ከዚህ የሚከተለው ነው፤ በሰው የልጁን ፆታ የሚወስነው የአባት ዘር ሲሆን በዶሮ ግን ዜድ ወይም ደብሊው የሚይዘው የእናትየዋ እንቁላል ነው። ውሳኔውም ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ያለቀ ነው። ስለዚህ የቅርፊቱ ቅርፅ የሚነግረን ነገር የለም። የራሳችን ቁጥርም ይህንኑ አሳየ፤ ከሹሉ 5 ቄብና 4 አውራ፣ ከክቡ 4 ቄብና 4 አውራ። ያች ልጅ ውጤቱን ለአያቷ በራሷ እጅ ጽፋ ወሰደች።

ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠይቀን ነጭ ክርን በእውነተኛ አውራ ለወጥንላቸው። ለፋሲካ ስድስት አውራዎች ሸጠን መኖና የአጥር ሽቦ ገዛን፤ አንዱን ለዘር አስቀረን። ከሁለት ሳምንት በፊት የፈንግል ክትባት ለሁሉም ሰጥተናል።

ግንቦት 19 ጠዋት ነጭ ክር ጎጆው ጥግ ላይ ጣለች። እንቁላሉ ገና ሞቃት ነበር። ደብተሩን ለዚያች ተማሪ ሰጠኋት፤ በአራተኛው ዓምድ ላይ «ቄብ» ብላ ሞላች፣ የስድስተኛውን ሳምንት ግምት ግን እንዳለ ተወችው። ይህን ስጽፍ ከዘጠኙ ቄቦች ስድስቱ መጣል ጀምረዋል። ሦስቱ በላባቸው ቄብ መሆናቸው ቢታወቅም ስላልጣሉ ዓምዳቸው ገና ባዶ ነው፤ ክረምቱን ደብተሩ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ከሚኖሩ አባላት ጋር ይቆያል።