ይድረስ ለወንድሜ፦ ስለ አማርኛው ኪቦርድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኑሮና ሥራ ሁለታችንንም ውጦን ይህን ያህል መጠፋፋታችን ቢያሳዝነኝም፣ መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ የጻፍክልኝ በላቲን ፊደል ነው። ኮምፒውተርህ ስለሚሠራበት ሲስተም ስትነግረኝ «ኡቡንቱ ላይ ከየቤቱ አንድ ፊደል ብቻ ይወጣል፣ ሌላው የለም፤ ስለዚህ ተውኩት» ብለሃል። ብዕርህን የማውቅ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አላስቻለኝም።

እባክህ ሁሉንም አጥፍተህ እንደገና ልጫን አትበል። ከነገርከኝ እንደምረዳው ከኪቦርዶቹ ዝርዝር የመረጥከው «አማርኛ» ብቻ የሚለውን ነው። እርሱ ተራ የቁልፍ አቀማመጥ ነው፦ ለአንድ ቁልፍ አንድ ፊደል። ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን በዚያ መንገድ አይዳረስም። ተነባቢውንና አናባቢውን አገናኝቶ ፊደሉን የሚሠራው አይባስ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። አይባስ ኡቡንቱ ላይ አለ፤ የጎደለህ አይባስ-ኤም17ኤን (ibus-m17n) የተባለው ተጨማሪ ነው። እርሱን ጫን፤ ከዚያ ከአካውንትህ ውጣና እንደገና ግባ (ብዙ ሰው ይህችን እየዘለለ ነው አልሠራም የሚለው)። ቀጥለህ በቅንብሮች ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ክፈትና ከአማርኛ ሥር «ሴራ» (sera) የሚለውን፣ ማለትም አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያውን ስልት፣ ጨምር። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫን ቋንቋው ይቀየራል።

አጻጻፉን ቶሎ ትለምደዋለህ። ኤስ ብቻዋን ስ ናት፤ ኢ ስትከተላት ሰ፣ ዩ ስትከተላት ሱ ትሆናለች። ትንሹ ቲ ት፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ኤክስ ደግሞ ሽ ነው።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየህ ኪቦርዱ ጥፋት የለበትም፤ የጎደለህ የፊደሉን ቅርጽ የሚያሳየው ፎንት ነው፤ አቢሲኒካ የተባለውን ጫን። የቆዩ መመሪያዎች ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍተህ ሴትኤክስኬቢማፕ (setxkbmap) የሚለውን የቁልፍ አቀማመጥ መቀየሪያ ጻፍ ይሉሃል፤ አትድከም። መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው በአዲሱ ሥርዓት፣ በዌይላንድ ላይ፣ አቀማመጡን የሚወስነው ዴስክቶፑ ራሱ ስለሆነ ያ ትእዛዝ አብዛኞቹን መስኮቶች አይነካም። እንግሊዝኛውንም ከዝርዝሩ እንዳታወጣው፤ የይለፍ ቃልህ በላቲን ፊደል ነውና መግቢያው ላይ ትቸገራለህ።

እምቢ ካለህ የዝርዝሩን ፎቶ ላክልኝ፤ ቅዳሜ ማታ ደውዬ አብረን እናየዋለን። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ