የወቅት ካርድ ቁጥር ስለ መወሰኑ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በቅናሽ የሚሸጠው የመዋኛ ገንዳ የወቅት ካርድ ቁጥር ስለ መወሰኑ ማብራሪያ መስጠትን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከግንቦት 1 እስከ መስከረም 30 የሚያገለግለው የቅናሽ ካርድ በዚህ ወቅት ከ120 በላይ እንደማይሸጥ በመግቢያው በር ላይ ከለጠፍን ወዲህ፣ ብዙዎቻችሁ በአካልም በስልክም «ገንዘቡን ይዞ የመጣ ደንበኛ ለምን ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ካርዱ የ12 ቀን መግቢያ ተከፍሎ ለአምስት ወር የሚያገለግል በመሆኑ፣ ልጆቹን በየሳምንቱ ይዞ ለሚመጣ የከዚራ ወይም የሳቢያን ነዋሪ ቀላል የማይባል ቅናሽ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው አጭር ማስታወቂያ ምክንያቱን ለማስረዳት ስላልበቃ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

ከጠያቂዎቹ መካከል ኑሯቸው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ የሆነ፣ ክረምት ሲገባ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ድሬ የሚመጡ አንድ ደንበኛችን ያነሡት ሐሳብ ነገሩን ለማብራራት ስለሚያመች ከእርሱ እንጀምራለን። እርሳቸው በሚኖሩበት አገር በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ በስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች የወቅቱን ካርድ ገና በረዶው ሳይወርድ በርካሽ ይገዛሉ፤ ድርጅቱም ለፈለገ ሁሉ ይሸጣል፤ «እናንተስ እንዲህ ብታደርጉ ምን ትጎዳላችሁ?» ነው ያሉን። በረዶን በዶፍ ዝናብ መካከል ቆርቆሮ ሲደበድብ ካልሆነ በቀር ለማናውቀው ለእኛ ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ የንግዱ አካሄድ ግን ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል በጥሞና ተመልክተነዋል።

ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ ኤፒክ ፓስ የሚባለውን የወቅት ካርድ በ579 ዶላር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ካርዱ ኩባንያው በሚያስተዳድራቸው ተራሮች ላይ ወቅቱን ሙሉ ያለ ቀን ገደብ ያስገባ ነበር። የዚህ አሠራር ጥቅም ለድርጅቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ በቅድሚያ ስለሚሰበሰብ፣ ኋላ በረዶው ቢያንስ እንኳ የድርጅቱ ገቢ ብዙም አይናጋም። እ.ኤ.አ. በ2018 አልቴራ የተባለ ሌላ ኩባንያ አይከን ፓስ የሚል ተመሳሳይ ካርድ ይዞ ገበያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቬይል የካርዱን ዋጋ በ20 በመቶ ቀንሶ ወደ 783 ዶላር ሲያወርደው፣ ለዚያ ወቅት አስቀድሞ የሸጣቸው የወቅት ካርዶችና ለተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚያገለግሉ ፓሶች በድምሩ ከ2 ሚሊዮን አለፉ። በዕለቱ ደርሶ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው የአንድ ቀን ቲኬት ግን በተቃራኒው እየናረ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በተጀመረው ወቅት በቬይል ተራራ በሚበዛበት ቀን ከ300 ዶላር በላይ ሆነ።

ሰው ካርዱን አንዴ ከገዛ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን በነጻ ያህል ስለሚሆንለት መምጣቱን አይቆጥርም፤ የሚመጣውም ሁሉም በሚመጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ወደ ላይ በሚያወጣው ሊፍት ሥር ረጅም ወረፋ ተፈጠረ፤ የመኪና ማቆሚያዎች በማለዳ ይሞሉ ጀመር፤ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ የሚወስደው አይ-70 የተባለው አውራ ጎዳናም በቅዳሜና እሁድ መጨናነቁ የታወቀ ሆነ። ቬይል እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጀመረው ወቅት በሰሜን አሜሪካ ተራሮቹ ላይ የቁጥር ገደብ አስቀመጠ፤ ገደቡ ግን የተጣለው በቀን ቲኬቱ ላይ እንጂ በወቅት ካርዱ ላይ አልነበረም። ለእኛ እንደሚመስለን ይህ መጨናነቁን ያመጣውን ትቶ፣ አንድ ቀን ብቻ ለመምጣት አቅም ያለውን ሰው በር ላይ ማስቀረት ነው።

በዚያው በኮሎራዶ ከዚህ የተለየ መንገድ የመረጠ ተራራም አለ። አራፓሆ ቤዝን የተባለው መንሸራተቻ ለብዙ ዓመታት ከቬይል ጋር የካርድ ስምምነት የነበረው ሲሆን፣ የመኪና ማቆሚያው ጠባብ በመሆኑና ሰው በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከስምምነቱ ወጣ። ቀጥሎ ከአይከን ፓስ ጋር የተዋዋለው፣ የካርዱ ባለቤት በወቅቱ ውስጥ የሚመጣባቸው ቀናት በቁጥር እንዲወሰኑ አድርጎ ነው፤ የራሱን የወቅት ካርድም በቁጥር ወስኖ መሸጥ ጀመረ። ተራራው ኋላ ለራሱ ለአልቴራ መሸጡ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ የተከተልነው አሠራር ወደዚህኛው ይቀርባል።

ሆኖም ተራራና ገንዳ አንድ አይደሉም። ተራራ ላይ ሰው ሲበዛ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ትዕግሥት ነው፤ ሊፍት ሊጨመር፣ መንገድ ሊሰፋ ይችላል። ገንዳ ግን የገባውን ሰው ሁሉ ላብ፣ አቧራና ቅባት ይቀበላል፤ የሚያጠራውም ፓምፑና ማጣሪያው በሚችሉት ፍጥነት ብቻ ነው። ገንዳችን 200 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ግማሹ 1.2 ሜትር፣ ግማሹ 1.8 ሜትር ጥልቀት ስላለው በጠቅላላው 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ፓምፓችን ይህን ያህል ውሃ በአሸዋ ማጣሪያው ለማሳለፍ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ፈረቃ ብዙ ሰው ቢገባ፣ በዚያ ጊዜ በማጣሪያው የሚያልፈው ከውሃው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ የ10 ሰዓቱ ፈረቃ የሚገባው በቀደመው ፈረቃ ውሃ ላይ ነው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ ያው አንድ ሦስተኛም ይቀንሳል።

ዓይናችሁ ሲቀላ ወይም ሽታው ሲከብድባችሁ «ክሎሪን አብዝታችኋል» የምትሉን ደንበኞች አላችሁ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ዓይን የሚያቃጥለውም የሚሸተውም እርሱ ነው። በውሃው ውስጥ ነጻ ሆኖ ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች የተባለውን የውሃ አሲድነት መለኪያ ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል ለማቆየት እንጥራለን። በድሬ ጠራራ ፀሐይ ክሎሪን ማረጋጊያ ካልተጨመረበት በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ስለሚጠፋ፣ በዚያ ላይ የሰው ብዛት ሲጨመርበት ከእጃችን ያመልጣል። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ቤታችሁ ያለው ማንቆርቆሪያ ይመሰክራል፤ ያው ነጭ ቅርፊት በቧንቧችንና በማጣሪያው አሸዋ ላይም ይጋገራል። ሰው በበዛ ቁጥር ማጣሪያውን ውሃ ወደ ኋላ ገፍቶ ማጠብ ይደጋገማል፤ ይህም የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሰፈሮቻችን ውሃ በተራ በሚያገኙበት ከተማ ውስጥ ያለ ሐሳብ ልናፈሰው አይገባም። ወደ ገንዳው ከመግባታችሁ በፊት ሻወር እንድትወስዱ አጥብቀን የምንለምነውም ስለዚሁ ነው።

ሁለተኛውና ከዚህ የሚከብደው ምክንያት የዋናተኞች ደኅንነት ነው። በመስጠም ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። የነፍስ አድን ሠራተኞች በብዙ አገር የሚሠለጥኑበት አንድ መመሪያ የተመደበላቸውን ቦታ በ10 ሰከንድ ውስጥ በዓይናቸው እንዲዳስሱና ችግር ካዩ በሚቀጥሉት 20 ሰከንዶች እንዲደርሱ ይጠይቃል። ውሃው በሰው ሲሸፈን የገንዳው ወለል አይታይም፤ ወለሉ ካልታየ ደግሞ ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢተጋ 10 ሰከንዱ ትርጉም ያጣል። ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር ይቻል ነበር ያሉንም አሉ፤ ዓይን መጨመር የማይታየውን ወለል አያሳይም።

የቁጥሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መዋኛ ገንዳዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ የተጠቀሰው ስሌት ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር በሆነ ቦታ ለአንድ ዋናተኛ 2.7 ካሬ ሜትር፣ ከ1.5 ሜትር በሚበልጥ ቦታ 4 ካሬ ሜትር ይሰጣል። በዚህ መሠረት የእኛ ገንዳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 62 ሰው ነው፤ እኛ በ60 ወስነነዋል። ከ60ው ቦታ 40ው በቅዳሜና እሁድ ለካርድ ባለቤቶች፣ 20ው በዕለቱ ከፍሎ ለሚገባ ሰው ተይዟል። ካርድ የያዘ ሁሉ በአንድ ፈረቃ ስለማይመጣ ካርዱን የ40ው ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 120 አድርገነዋል።

ለዕለት ከፋዩ 20 ቦታ መያዛችን ያላስደሰታቸው የካርድ ባለቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን በዕለቱ የሚከፍለው ሰው ማን እንደ ሆነ ይታሰብልን። በወር አንድ ቀን ከሥራው ተርፎ ልጁን ይዞ የሚመጣው የባጃጅ ሹፌር የ12 ቀን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችልም፤ በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የመጣው መንገደኛም የአምስት ወር ካርድ አይገዛም። ቅናሹን የሚያገኘው አስቀድሞ የመክፈል አቅም ያለው ብቻ ሆኖ፣ በሩም ለእርሱ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቅናሹ አድልዎ ይሆናል።

ገንዘብን በተመለከተ የምንደብቀው ነገር የለም። ካርድ በሚያዝያ ያለ ገደብ መሸጥ ለእንደኛ ያለ አነስተኛ ድርጅት የሚያጓጓ ነው፤ ፓምፕ የሚጠገነውና የማጣሪያ አሸዋ የሚለወጠው ሙቀቱ ሳይበረታ በዚህ ወር ነውና። ይሁን እንጂ የምንጠቀምበት ክሎሪን በጅቡቲ በኩል ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ ዋጋው በሐምሌ ስንት እንደሚሆን በሚያዝያ ማወቅ አይቻልም፤ ካርዱ ግን በሚያዝያ ዋጋ ተሸጦ አልቋል። የስኪ ድርጅቶች በረዶ እንዳይቀር ፈርተው ካርድ ቀድመው ይሸጣሉ፤ የድሬ ሙቀት ግን ቀጠሮ አፍርሶ ስለማያውቅ እኛን ያን ያህል አያሰጋንም።

ከዚህ በኋላ አሠራሩ እንደሚከተለው ይሆናል። ባለፈው ወቅት ካርድ የነበራችሁ እስከ ሚያዝያ 20 ድረስ ቅድሚያ አላችሁ፤ የተረፈው ከሚያዝያ 21 ጀምሮ በመጡበት ቅደም ተከተል ይሸጣል። ካርድ ላላገኘ ደንበኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚያገለግል የሥራ ቀን ካርድ በ8 ቀን መግቢያ ዋጋ አዘጋጅተናል፤ የዚህ ካርድ ቁጥር አልተወሰነም፤ ከሐምሌ 17 እስከ 20 ባሉት ቀናት ግን እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ያስገባል። ለሴቶች ብቻ የተመደቡት የማክሰኞና የሐሙስ ጠዋት ፈረቃዎች እንደ ቀድሞው ይቀጥላሉ፤ ሁለቱም ካርዶች ያገለግላሉ። ውሃው ውስጥ 60 ሰው ካለ ካርድ የያዘም ያልያዘም በዛፉ ጥላ ሥር ተራውን ይጠብቃል፤ ለካርድ ባለቤቶች የተያዘው ቦታ ፈረቃው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ባዶ ከሆነ ለዕለት ከፋዮች ይለቀቃል፤ የዕለት ከፋዮቹም እንዲሁ። ካርዱ ፎቶግራፍ ስላለው ለአጎት ልጅም ለጎረቤትም አይዋስም፤ ይህን የምንጽፈው ድሬዎች የያዙትን ማካፈል እንደሚወዱ ስለምናውቅ ነው።

ካርዱን አስቀድማችሁ ከፍላችሁ በዚህ አሠራር ያልተስማማችሁ ደንበኞች እስከ ግንቦት 15 ድረስ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ብትመጡ፣ የገባችሁባቸው ቀናት ተቀንሰው የቀረው ገንዘብ ይመለስላችኋል። ጥያቄ ያላችሁም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቲኬት መስኮቱ ኃላፊዋን ማነጋገር ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመዋኛ ገንዳው አስተዳደር
ድሬዳዋ